ጠባቂው ይጠብቃል

ጥንቃቄ አይጎዳም ይላሉ። ይጎዳል። የበዛ ጥንቃቄ የሚጠብቀውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል፤ ከለወጠውም በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» ያሰኛል። ይህን የምለው ለመቃረን ብዬ አይደለም። ለመቃረን ብዬ የጻፍኳቸው ብዙ ናቸው፤ እናንተም አንብባችሁ «ይሄ ሰውዬ ደሞ ጀመረው» ብላችኋል። ዛሬ የምጽፈው ያደረግሁትን ነው። ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእሳቸው ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ አንድ ሁለት ጊዜም መስከሬን ዘርዝሬ፣ ስግደቴን ተቀብዬ እወጣለሁ። ይህችን ግን ይዣት እገባለሁ፣ ይዣት እወጣለሁ። ለምን? ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ብነግራቸው «ስግደቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሂድና የበደልከውን ካስ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መስገድ እንጂ መካስ አልፈለግሁም።

ከዓመታት በፊት፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ተቋም የባዮኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም። የማልጠራው ልሸፍነው ብዬ አይደለም፤ ስሙን ስጠራ በደሉ ለሁለት እንዳይካፈል ነው። በደሉ የእኔ ነው።

የማጠናው ግብጦን ነበር። ግብጦን የማያውቅ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሌላ እህል እምቢ ያለበት መሬት ላይ የሚዘራ፣ ወንዝ ውስጥ ቀናት ካልተዘፈዘፈ ምሬቱ የማይለቅ፣ ቆሎ ሆኖ የሚቆረጠም፣ አረቄ ሆኖ የሚያሰክር። እኔ የፈለግሁት ፕሮቲኑን ነበር። በሮብ ገበያ በኩል፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከሚታረሰው ግብጦ ፕሮቲኑን አውጥቼ፣ ከሌላው ዓለም ግብጦ በምን እንደሚለይ ላሳይ። እንደሚለይ አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ግን ትንሹ ነው።

ሥራውን የምትሠራው ተማሪዬ ነበረች። ስሟ ባንቺአምላክ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመመረቂያ ጥናቷ ይኸው ነበር፤ ግብጦውም የአባቷ ማሳ ግብጦ ነው። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ ከማረሳቸው በፊት ግን ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። ልጅቱ ቃል ስትናገር የዚያ ቤት ልጅ መሆኗ ያስታውቃል። ታሳጥራለች፤ አሳጥራም ትወጋለች።

አሁን ስለ መድኃኒቱ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ኃጢአቴ አይገባችሁም። ፍሬው ተፈጭቶ ሲበጠበጥ፣ ውስጡ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩ ነገሮች ይገናኛሉ። ከነሱ መካከል ፕሮቲንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ዝም ከተባሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የምትፈልጉትን ፕሮቲን እንደ ጎመን ይከትፉታል። ይህ እንዳይሆን እነሱን የሚያስር ነጭ ዱቄት ይጨመራል። የፈረንጅ ስሙ ረጅም ነው፤ በእኛ ቤተ ሙከራ «ጠባቂ» ይባል ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ጠባቂው ቆራጩን ኢንዛይም እጁን ይዞ አይለቀውም፤ ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን እጁ የሚይዘው ቆራጩን ብቻ አይደለም። መጠኑ ከበዛ፣ ውሃው አልካሊ ከሆነ፣ ጊዜውም ከረዘመ፣ ጠብቅ የተባለውን ፕሮቲን ራሱን ይይዛል፤ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፕሮቲኑም ሌላ ነገር ይሆናል፤ ይከብዳል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በመጽሐፍ ተጽፎ ያለ ነው። እኔም አንብቤዋለሁ። እንደገና ልጻፈው፦ አንብቤዋለሁ።

ታዲያ ለምን አበዛሁት? መብራት ይጠፋ ስለነበረ። አርብ ከሰዓት ይሄድና ሰኞ ይመጣል፤ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ ብጥብጡ ቅዳሜና እሁድን እዚያ ውስጥ ያድራል። ስለዚህ «ለማንኛውም» ብዬ እጥፍ አስጨምር ነበር። «ለማንኛውም» የሚለው ቃል ያጠፋውን ነገር ማንም ሰብስቦ አያውቅም። ሐኪሙ ለማንኛውም ብሎ መርፌ ይጨምራል፤ እናት ለማንኛውም ብላ ልጇን ቤት ትዘጋለች፤ እኔ ለማንኛውም ብዬ ነጭ ዱቄት አስጨመርኩ።

ባንቺአምላክ ያኔውኑ ተቃውማኛለች።

«ዶክተር፣ መመሪያው ላይ ካለው በላይ ሆነ እኮ።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ መብራት የማይጠፋበት አገር ነው ያለው። ጨምሪበት።»

ጨመረች። እኔ አልኳት፣ እሷ ጨመረች። በኋላ ኮሚቴ ፊት ይህ ቅደም ተከተል ይጠፋብኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ በደንብ ያዙልኝ። እኔ አልኳት። እሷ ጨመረች።

ሌላም የእኔ ሥራ አለ። በተቋሙ ውስጥ ሰው ሁሉ የቤተ ሙከራ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። እኔ ይህን እንደ ውርደት ነበር የማየው፤ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በአማርኛ ማሰብ የማይችል ሰው ግብጦ ማጥናት አይችልም ብያለሁ። ተማሪዬንም በአማርኛ ጻፊ ብዬ አስገደድኳት። ባላስገድዳት ኖሮ፣ ያ የናቅሁት እንግሊዝኛ ያድናት ነበር። እንግሊዝኛ ለ«ዘብ ቆመ» አንድ ቃል፣ ለ«ተጣበቀ» ሌላ ቃል አለው።

የወጣውን ፕሮቲን ውጭ አገር የሚሠራ አብሮ አደጌ ጋ ልከን፣ ሞለኪውል በሚመዝን መሣሪያ አስመዘንነው። ውጤቱ በእኔ ኢሜይል መጣ። የደጋው ግብጦ ፕሮቲን ከታወቀው ክብደት በላይ ነበር፤ ትርፉም ዝብርቅርቅ አይደለም፣ በሞለኪውል ልኬት ልክ መቶ ሰማንያ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የዚያ እጥፍ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ተጣብቆበት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ አልጠየቅሁም። ተፈጥሮ ለዚህ ደጋ ብቻ ያደረገችው ጌጥ ነው አልኩ። ጻፍኩት፤ ታተመ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስበው አናገሩኝ፤ «የጮቄ በረከት» አልኩት። አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተነስተው «ድሮስ፣ ያ አረቄ እንዲያው በከንቱ ነው እንዴ ሰውን የሚጥለው!» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የአገር ፍቅርና የራስ ፍቅር አንድ ቀሚስ ለብሰው ሲመጡ ማን ይለያቸዋል? እኔ ልለያቸው ይገባ ነበር። ሥራዬ መለየት ነበር።

በጭብጨባው ጊዜ ባንቺአምላክ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ቤተ ሙከራ ነበረች። ከጭማቂ ቤት በረዶ ለምና አምጥታ፣ መብራት ባለበት ማለዳ፣ ከአባቷ ግብጦ አዲስ ብጥብጥ ሠርታ ነበር፤ ያለ ጠባቂ፣ በፍጥነት፣ ኢንዛይሞቹ ሳይደርሱባት። ጎን ለጎንም ከዚያው ግብጦ ሌላ ብልቃጥ በጠባቂ። ሁለቱንም ከሌላው ናሙና ጋር አስላከችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ውጤቱ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ላይ አብረን አየነው። ያለ ጠባቂ የተሠራው ምንም ትርፍ አልነበረውም። ግብጦ ነው፤ የትም እንዳለ ግብጦ። ጠባቂ የገባበት ግን ያንኑ መቶ ሰማንያ ሦስት ተሸክሞ ቁጭ ብሏል።

«ዶክተር፣ አይቆጡኝና» አለች።

«እቆጣለሁ። ተናገሪ።»

«እንግዲያው ይቆጡ። ሁለት መቶ ሦስት ሲቀነስ ሃያ ስንት ነው?»

«ምን፣ ፈተና ነው?»

«ይመልሱልኛ።»

«መቶ ሰማንያ ሦስት።»

«የጠባቂው ክብደት ሁለት መቶ ሦስት ነው። ሲጣበቅ ሃያ ጥሎ ነው የሚጣበቀው። የጮቄ በረከትዎ እሱ ነው።»

ከዚያ ማስታወሻዋን ገልጣ አሳየችኝ። ከቁጥሮቹ ሥር፣ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈቷ፣ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የጻፈችው፦ ጠባቂው ይጠብቃል።

«‹ብ›ን አላልተው ያንብቡት» አለች። እየሳቀች ነበር።

ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። «ብ»ን አጥብቃችሁ ስታነቡት ጠባቂው ዘብ ይቆማል ማለት ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ደህና ነው። አላልታችሁ ስታነቡት ግን እንደ ቋጠሮ ይጠብቃል፣ ሙጭጭ ይላል ማለት ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ፊደላችን ይህን አይለይም፤ የሚለየው አንባቢው ነው። አንደኛው ንባብ ምስጋና ነው፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ። እሷ የጻፈችው ማስጠንቀቂያውን ነው። በአፏ ነግራኛለች። እኔም ስቄያለሁ፤ «የአባትሽ ልጅ ነሽ» ብያታለሁ። ይህን ሁሉ ያልኩት በገዛ አፌ ነው።

ከሳቁ በኋላ የጠየቅኋት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? «እርግጠኛ ነሽ?» አይደለም። «እንድገመው?» አይደለም።

«ይህን ለማን ነግረሻል?» ነበር።

«ለማንም። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው እንጂ።»

«ጎበዝ። ቆይ እስቲ። በጽሑፉ የጠየቅሁት ማዕረግ ይጽደቅ፤ ከዚያ ራሳችን እናርመዋለን።»

«ራሳችን» አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? መምህሯ ነኝ።

ማዕረጌ ጸደቀ። እኔ ግን አላረምኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ ከውጭ አገር አንድ የማላውቀው ሰው ለተቋሙ ጻፈ፤ ትርፉ ክብደት የዚያን ዱቄት ክብደት እንደሚመስል፣ በትሕትና፣ ያለ ምንም ክስ። ተቋሙ ግን ትሕትናውን አላየም፤ ክሱን ራሱ ጨምሮበት ሦስት ሰው ያለው ኮሚቴ አቋቋመ።

ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር፦ ዱቄቱን ያስበዛሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱንም ያገኘችው እሷ ናት። ይህን ብል ምን ይቀርብኛል? ማዕረግ? ጭብጨባ? እንጀራዬ አይቀርም ነበር። ሰው በእንጀራው መጥቶበት ሲዋሽ ቢያንስ ርሃብን ይጠራል። እኔ ምን ልጥራ? ለቁመናዬ ስል ዋሸሁ። ሌላ ስም የለውም።

ኮሚቴው ፊት ብጥብጡን የምታዘጋጀው ተማሪዋ ናት አልኩ። እውነት ነው። መጠኑን የጨመረችው በእጇ ነው አልኩ። እውነት ነው። ከእውነት ብቻ የተሠራ ውሸት እንዴት እንደሚያምር! ከዚያ ማስታወሻዋን ገለጥኩ። «እንዲያውም ጠባቂው በትክክል እንደሚሠራ አረጋግጣ ጽፋልኛለች፤ እኔ በዚህ ላይ ተማምኜ ነው» አልኩና አነበብኩላቸው። «ብ»ን አጠበቅሁት። ከንፈሬን ገጥሜ፣ ከሚገባው በላይ እንኳ አጥብቄ፦ ጠባቂው ይጠብቃል።

ኃጢአቴ ይህ ነው። አልሰረቅሁም፣ ቁጥር አልቀየርኩም፣ ወረቀት አልቀደድኩም። አንዲት ፊደል አጠበቅሁ።

ባንቺአምላክን አስገቧት። ሲነግሯት መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ የተሳሳትኩ መስሏት፣ ልታርመኝ። አሁንም እያመነችኝ ነበር። ከዚያ ለሰብሳቢው እንዲህ አለች፦

«ይጠብቃል ነው የጻፍኩት እንጂ ይጠብቃል አላልኩም።»

በወረቀት ላይ ስታዩት ቀልድ ይመስላል። በጆሮ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ፤ በዚያ ክፍል የምንሰማት አራታችንም በአማርኛ አፋችንን የፈታን ነን፤ አራታችንም ሰምተናል። ሰብሳቢው ግን «እመቤት፣ ይሄ ኮሚቴ ነው፤ ቅኔ ቤት አይደለም» አላት። ሳቁ። ሁለቱ ሳቁ። እዚያ ሳቅ ላይ ስደርስ እስከ ዛሬ እነሱን አንቄ የምገድላቸው ይመስለኛል። ከዚያ ትዝ ይለኛል፤ ሳቁን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ።

«ያለ ጠባቂም ሠርቻለሁ። ውጤቱ የዶክተር ኮምፒውተር ላይ አለ፤ አብረን አይተነዋል» አለች።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ብዙ ነገር ይላካል» አልኩ። «ይህን አላስታውስም።»

ሦስተኛው አባል፣ ያልሳቁት፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «እርስዎስ ያኔ ሲያነቡት እንዴት ነው የተረዱት?» አሉኝ።

በር ከፈቱልኝ። ሰውየው አውቀው ነው የከፈቱልኝ። መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እንደተጻፈው» አልኳቸው።

እንደተጻፈው! እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣው ብዙ መጽሐፍ ላነበበ ሰው ብቻ ነው። ውሸት እንኳ አይደለም። በደንብ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ክህደት ነው።

ባንቺአምላክ ከትምህርቷ ተሰናበተች። ደብዳቤዋ ላይ «መረጃ በማዛባት» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ደግሞ ጽሑፌን ራሴ አነሳሁት፤ ስህተት መገኘቱን ገልጬ፣ አንባቢን ይቅርታ ጠይቄ። ምን እንደተባልኩ ታስታውሱ ይሆናል። ሐቀኛ ምሁር ተባልኩ። በራሱ ስም ላይ የፈረደ ሰው ተባልኩ። ስለ ሐቅ ጻፍልን አሉኝ፤ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁ እኔን ያወቃችሁኝ በዚያ ነው። ማስተማሩን ትቼ ጸሐፊ የሆንኩት በዚያ ነው። በእሷ ሬሳ ላይ ቆሜ ነበር የረዘምኩት፤ እናንተም ከታች ሆናችሁ «ቁመቱ!» አላችሁ።

ከተሰናበተች በኋላ አባቷ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከሮብ ገበያ ማለዳ ተነስተው ነው የመጡት፤ ልብሳቸው ላይ የመንገዱ አቧራ ነበር። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥ አሉ።

«መምህር፣ ልጄ ሰረቀች ወይ?»

«ኧረ የለም አባቴ። ስህተት ነው። ጽሕፈቷ ላይ ስህተት ተገኝቶ ነው።»

«ቁጥር ከሆነ ልትስት ትችላለች። ቃል ግን አትስትም። እስቲ ያሳዩኝ።»

ለምን እንዳሳየኋቸው አላውቅም። አይገባቸውም ብዬ ይሆናል፤ ትዕቢቴ ለዚህም ይበቃል። ማስታወሻውን አውጥቼ ገጹን ገለጥኩላቸው። ራቅ አድርገው ይዘው አዩት። ቁጥሮቹን በዓይናቸው ዘለሏቸው፤ ከሥር ያለውን ሁለት ቃል ድምፅ አውጥተው፣ አላልተው፣ አንድ ጊዜ አነበቡት።

«ዘበኛው ሙጭጭ አለ ማለቷ ነው» አሉ። «ምን አለበት ታዲያ? እውነት አይደለም እንዴ?»

ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ በየዕለቱ መኪና አለ፤ ተቋሙ ይህን ገጽ የሚያነብለት አንድ ገበሬ አስጠርቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ምሁራን ባልተሰበሰቡ ነበር።

«ኮሚቴው እንዲያ አላነበበውም» አልኳቸው።

«እርስዎስ?»

ያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም የሚሰማ አልነበረም፤ ኮሚቴ የለ፣ ሰብሳቢ የለ፣ አንድ አባት ብቻ። «እኔማ ገብቶኝ ነበር» ብላቸው ከክፍሉ አይወጣም ነበር። «ስብሰባ አለብኝ» አልኳቸው። ሰዓቴን አየሁ፤ በእርግጥ አየሁት፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አላየሁም።

ማስታወሻውን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

«እንግዲህ እግዜር ያንብበው» ብለው ወጡ። አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር፤ ከመርገም ጋር መከራከር እችላለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ቆመ። ሻይ ልጠጣ ወርጄ መንገዱን ስሻገር፣ አንዲት የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ በር ላይ አየኋት። ለአንድ ገበሬ የበግ መድኃኒት እያስረዳች ነበር፦ «አባባ፣ አብዝተው እንዳይሰጡ። የበዛ እንደሆነ ያው በጉን ራሱን ነው የሚገድሉት።» ልመለስ ነበር። አየችኝ።

«ዶክተር። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ? ሥራ እንዴት ነው?»

ይህን ነው ያልኳት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ «ሥራ እንዴት ነው»።

«ይመስገነው። ትምህርቱን በየዓመቱ አመለክታለሁ። ፈተናውን አልፋለሁ፤ ከቀድሞው ቦታ ደብዳቤ አምጪ ይሉኛል። ደብዳቤውን ስሰጣቸው አንብበው ይመልሱልኛል።» ከዚያ ፈገግ አለች። «እነሱም እንደተጻፈው ነው የሚያነቡት።»

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ሄድኩ። እንደገና ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለማድረግ ወራት ፈጀብኝ፤ ቶሎ ነቃ እንዳትሉኝ። ያለ ጠባቂ የሠራችውን ብጥብጥ ውጤት ከድሮው ኢሜይሌ አወጣሁት፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም ነበር። ከሙሉ የእምነት ቃሌ ጋር ለተቋሙ ላክሁት። ደውለው መለሱልኝ። «ዶክተር፣ አሁን ይሄን ማን ይቆፍረዋል? ፋይሉ የተዘጋ ነው። እርስዎም በክብር ነው የወጡት» አሉኝ። ለእኔ አሰቡልኝ! በዚህ አገር የበደለ ሰው ጠባቂ አያጣም።

እንግዲያው በአደባባይ እጽፈዋለሁ ብዬ ለባንቺአምላክ ደወልኩ። ስሟን ትቼ «አንዲት ተማሪ» ልል እንደምችል ነገርኳት። ይቅርታም መጠየቅ ጀመርኩ፤ ድምፄ መንቀጥቀጡን እኔ ራሴ ወደድኩት።

«ዶክተር፣ እሱን ይተዉት» አለች። «ይቅርታው ለእርስዎ ነው የሚጠቅም። ስሜን ይጻፉ። ስሜ ከሌለበት ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

ስለዚህ ስሟን ከነአባቷ ማሳ ጻፍኩት። ይቅር አላለችኝም፤ እንድትል አልለምንም። የዕድሜዬን መካከለኛነት፣ የጊዜውን ክፋት፣ የመብራቱን መጥፋት ምክንያት አላደርግም። ዱቄቱን ያስበዛው መብራት ነው ብል እንኳ፣ ፊደሏን ያጠበቀው መብራት አይደለም።

አሁን እናንተን። ይህን አንብባችሁ «ግን ደፋር ነው፤ አመነ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ በሐቀኝነት ሸልማችሁኛል፣ የሠራሁበትንም አይታችኋል። አትድገሙት። አድናቆታችሁን አልፈልግም፤ ይቅርታችሁም የእናንተ አይደለም። ከመካከላችሁ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ ተማሪ የምትቀበሉ፣ በቅበላ ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ አላችሁ። ዘንድሮም አመልክታለች። ወረቀቷ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ከላዩ ያንን ደብዳቤ ታገኛላችሁ። ደብዳቤው ውሸት ነው፤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ወደ ጎን አድርጉትና ባንቺአምላክን ተቀበሏት።